ስም የሌለው ሰባ አራት ቁጥር

ዌልተን፣ ካንሳስ
ኤፕሪል 14

ለተከበሩት አክስቴ ለኤሊሳፔታ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅዎ ሲገባ ወገብዎ ሳያምዎት፣ የጓሮው ጎደሬ ሳይደርቅ፣ አጎቴ ሴፎም እንደ ልማዱ እየተነጫነጨ በሰላም ያግኛችሁ። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል፤ ጆሮዬም ተመልሶ የራሴ ሆኗል።

«ከባድ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ስልክ ነፋስ ነው» ስላሉኝ ይኸው እጽፋለሁ። እሁድ ከምሳ በኋላ ለቤተሰቡ እንደሚያነቡትም አውቃለሁ። ስለዚህ ጽሑፌን አሳምሬያለሁ፣ የተሰረዘ ካገኙ ብዕሩ ነው።

አንዱ ወሬ ለአጎቴ ሴፎ ነው። ኮሌጅ ሲጫወት እሱም የነበረበት፣ በስክሪን የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ሊመለስ ነው። ተጫዋቾቹ ከከሰሱ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። ያኔ የአጎቴን ቁመት፣ ክብደት፣ የቆዳ ቀለም፣ አሁን እኔ የምለብሰውን ሰባ አራት ቁጥሩን፣ የግራ ክርኑን ማሰሪያ ሳይቀር ወስደው ስሙን ብቻ ተዉት። ስም ከሌለው ማንም አይደለም፤ ማንም ካልሆነ ደግሞ የሚከፈለው የለም። አሁን ግን ተጫዋቹን ራሱን ይጠይቃሉ። ፊቴን፣ ቁጥሬንና ስሜን ለመጠቀም ስድስት መቶ ዶላርና ጌሙን በነጻ ይሰጣሉ።

የቡድን ጓደኞቼ «ስድስት መቶ ምን ያደርጋል፣ በእኛ ፊት ሚሊዮን ሊያፍሱበት» እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የፊት መስመር ገፊ ነኝ። የእኛ ስም በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ስናጠፋ ብቻ ነው። ማሉአሴ የሚለው ስማችን ጀርባዬ ላይ ተጽፎ የመንደሩ ልጆች በስክሪን ሲያዩት ይታየኛል፤ ደስ ይለኛል። እያሰብኩበት ነው።

ሁለተኛው፣ በፖስታው ውስጥ የአምስት መቶ ሃምሳ ዶላር ማዘዣ አለ። ሠርቼ ያገኘሁት ነው። የአያቴ መቃብር ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል ብለውኝ ነበር፤ ሴራሚክ አልብሱልኝ። ቀለሙን እርስዎ ይምረጡ፣ አጎቴ ከመረጠው ቢጫ ያደርገዋል።

እጅዎን የምስመው
ፔኒያሚና


ቱቱኢላ ደሴት
ሜይ 19

ለወንድሜ ልጅ ለፔኒያሚና፣

አባትህ የተቀበረበት ምድር፣ ያሳደግሁህ እኔ፣ በማለዳ ዶሮ የሚያባርረው አጎትህም ሰላም ብለንሃል። ለክንድህ ኃይል፣ ለራስህ ማስተዋል ይስጥህ፤ ሁለተኛውን አስበልጬ ነው የምለምንልህ።

የአያትህ መቃብር ነጭና ሰማያዊ ሴራሚክ ለብሷል። ከቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ አውቶቡሶቹ ሳይቀሩ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ሴፎ ነው ያነጠፈው። ጉልበቱ ከኳሱ ዘመን ጀምሮ አይታጠፍም፣ ታውቃለህ፤ መንበርከክ ስላልቻለ አራት ቀን በጎኑ ተኝቶ ሠራው። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ጠማማ አለች። አላየሁም ብያለሁ።

ደብዳቤህን እሁድ አነበብኩ። ሁሉም ሳቀ፣ በጆሮህም ጭምር። የሌላኛው የቤተሰባችን ወገን ትልቅ ሰው ማታዮ ብቻ አልሳቀም። ታስታውሰው እንደሆነ ያኔም አይስቅም ነበር።

«ልጁ ማንን ጠየቀ?» አለ።

«ማንንም። እያሰበበት ነው ይላል» አልኩት።

«ማሰብ ጥሩ ነው። ስሙ ግን የማን ነው?»

ሴፎ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ «ሁለት ዓመት ሙሉ ማልያው ላይ ተጽፎ ስታይ ምነው ዝም አልክ?» አለው።

«ማልያ እንደ ትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ለመጠሪያ ይዋሰው። ገበያ ሲወጣ ግን ባለቤት ይጠየቃል።»

እውነቱን ነው። በጣም ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው።

ልጄ፣ አባትህ ጦር ሠራዊት ሲመዘገብ «የቤተሰብ ስም» ቢሉት የአባቱን ማዕረግ ጻፈ። አንተም በዚያው ወረስከው። ማሉአሴ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለመረጠው አለቃ የሚሰጠው ነው እንጂ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ሸሚዝ አይተላለፍም። ሴፎ በተጫወተበት ጊዜ አባታችን በሕይወት ነበር፤ ስሙን ያዋሰው ባለቤቱ ነው። አሁን አባታችን ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ማዕረጉም ባዶ ነው። እኛ ሴፎ ይሁን እንላለን፤ የማታዮ ወገን ማታዮ ይሁን ይላል፤ ተካሰን ዳኛ ፊት ቆመናል። «የሴፎ ቤት ማዕረጉን እንደ ግል ንብረቱ ሸጠው» ከተባለ በዚያው አለቀ፣ ሴፎ ያጣዋል። የሚያሳዝነው እሱ ማጣቱ አይደለም፣ እውነት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ፊትህን ሽጥ። እንደ እኔ እንደ እኔ ስድስት መቶ በዝቶበታል። ስሙን ግን ቤተሰቡ ሳይነጋገር እንዳትፈርምበት።

ገንዘብ ሌላ አያስፈልገንም። ከቻልክ ለሴፎ የጉልበት ቅባት ላክለት፤ አልጠየቅኩም እያለ ይጠይቃል።

አክስትህ
ኤሊሳፔታ


ዌልተን
ጁላይ 28

ለተከበሩት አክስቴና ለመላው ቤተሰብ፣

የአያቶቻችን አምላክ ጣሪያችሁን ከአውሎ ነፋስ፣ ጀልባችሁን ከማዕበል ይጠብቅ። በመዘግየቴ ይቅርታ። ልምምዱ ጀምሯል፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል፤ ስድስት ኪሎ ቀንሼ በምሳ ሰዓት መልሼዋለሁ። ለአጎቴ ቅባቱን ልኬያለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ እንጂ ምሬት በመጣ ቁጥር አይደለም የሚቀባው። ሁላችሁንም እጅ እነሳለሁ።

ፔኒያሚና

(ይህችን ትንሿን ወረቀት እሁድ አያንብቧት። ለእርስዎ ብቻ ናት።)

አክስቴ፣

ኤፕሪል ላይ «እያሰብኩበት ነው» ብዬ ስጽፍልዎ ተስማምቼ ነበር። ፈርሜያለሁ ለማለትም አያስደፍር። ልምምድ ልንገባ ስንል ስልኬ ላይ መጣ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። የአንድ ጫማ ማሰሪያ እስካስር አልፈጀም። ማንንም መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ ትዝ አላለኝም። ሌሎቹ የሸጡት የራሳቸውን ስም ነው፣ እኔም እንደነሱ የራሴ መሰለኝ። እዚህ ሰው ሲጠራኝ ስለምዞር ይሆናል።

አምስት መቶ ሃምሳው ከዚያ ነው። ሃምሳውን ከቡድኑ ልጆች ጋር የጎድን ጥብስ በላሁበት።

የሜይ ደብዳቤዎን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አያቴን በገዛ ስሙ ዋጋ ሴራሚክ አልብሼዋለሁ። አጎቴ ደግሞ በጎኑ ተኝቶ አነጠፈው። ሁለት ወር ሙሉ እጽፋለሁ ስል እየቀደድኩ ነው የቆየሁት። ውሸት እግሯ አጭር ነው ይላሉ፤ የእኔዋ ግን ባሕር ተሻግራ መቃብር ላይ ተነጠፈች።

ጌሙ በዚህ ወር ወጥቷል። እዚያ ማዶም ደርሶ ይሆናል። አፈርኩ። ምን ላድርግ?

ፔኒ


ቱቱኢላ
ኦገስት 18

ፔኒያሚና፣

እግዚአብሔር ከአንተ አይለይ።

ደርሷል። የማታዮ የልጅ ልጆች ገዝተውታል። ሰባ አራት ቁጥርን አስነስተው ስሙን ሲያነቡ ማታዮ ከኋላቸው ቆሞ ነበር አሉ። ባርኔጣውን አድርጎ ወደ እኛ መጣ።

መቃብሩ አጠገብ ቆመ። በጣቱ ሴራሚኩን ነካ ነካ አደረገና «ያምራል። በስንት ተገዛ?» አለኝ።

«በልጁ ላብ» አልኩት።

ዋሸሁ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ በአባቴ መቃብር ላይ እጄን አሳርፌ ዋሸሁ። እሱም እንደዋሸሁ አወቀ። ስድስት መቶና አምስት መቶ ሃምሳን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፈህልኝ ነበር እኮ፤ ኤፕሪል ላይ ገብቶኝ ነበር። ማወቁን አልፈለግሁም። ሴራሚክ አማረኝ። ስለዚህ ሁሉንም በአንተ ላይ አላላክክም።

ትንሿን ወረቀት ለሴፎ አነበብኩለት። «ጥብሱ ይጣፍጥ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው» አለ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ የእናታችንን የክብር ሰሌን ከሳጥን ሲያወጣ አየሁት።

ገንዘብ አትላክ። አትደውል። እኔም ነገሩ ሳይለይለት አልጽፍም።

ኤሊሳፔታ


ዌልተን
ሴፕቴምበር 22

ለአክስቴ ለኤሊሳፔታ፣

ይህን በየትኛው ልብዎ እንደሚቀበሉት ስለማላውቅ ሰላምታውን አሳጥሬ ምርቃቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። ካለዎት ይላኩልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ጥቂት ቀን ጠበቅሁ። ዝም ብሎ መጠበቅ አቃተኝና ያሰብኩትን አደረግሁ።

የኮሌጁ ስፖርት ቢሮ ሄጄ ስሜን ከጌሙ እንዲያወጡልኝ ጠየቅሁ። ፀሐፊዋ ደግ ሴት ናት። «ገንዘቡ አነሰህ?» አለችኝ።

«በዛብኝ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ እንዳልሳቅኩ አይታ ለኩባንያው ጻፈችልኝ። በሁለት ሳምንት ስሙ ወጣ። አሁን እዚያ ውስጥ ያለው ፊቴና ቁጥሬ ብቻ ነው፣ እንደ አጎቴ ዘመን።

ቀጥሎ ማልያዬን ይዤ ወደ ዴል ሄድኩ፤ ትጥቃችንን የሚይዘው ሽማግሌ ነው፤ የማይሰፋው ነገር የለም። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍታልኝ አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «ከአባትህ ጋር ተጣላህ እንዴ?» አለኝ።

«አባቴ ሞቷል። ስሙም የሱ አልነበረም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የብዙ ሰው። የሞቱትም አሉበት።»

ምላጩን አንስቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲፈታ ቆየና «እኔስ ምነው ይህ ማልያ ይከብዳል እል ነበር» አለ። ክሮቹን ጠራርጎ ኪሱ ከተተ። ለምን ኪሱ እንደከተተ አልጠየቅሁትም።

አሰልጣኙ አድማ መስሎት ጠራኝ። የአያቴ ማዕረግ እንደሆነ፣ ሳላስፈቅድ እንደሸጥኩት ነገርኩት። «አልገባኝም፣ ግን አልከለክልህም» አለ። ለሱ ይህ ብዙ ነው።

ትናንት ጀርባዬ ባዶ ሆኖ ተጫወትኩ። በቴሌቪዥን ተላልፏል። አሸነፍን። ስሜ አልተጠራም፣ አላጠፋሁማ።

ማታዮ አጎቴን እንዳያስከፍለው ብቻ ነው የምፈልገው። ካስከፈለው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ንገሩት።

ፔኒ


ቱቱኢላ
ኦክቶበር 20

ለወንድሜ ልጅ ለፔኒያሚና፣

ምርቃት ጠይቀህ ነበር፤ ይኸው ሁለት ወር የተጠራቀመ። ጥርስህን ኳስ አይንካው፣ ራስህን ከምት ይሰውርልህ፣ ከሰው ፊት የምትቆምበትን ግንባር ይስጥህ፣ ያሳፈርካትን አክስትህን ደግሞ በእርጅናዋ የምታስቅ ያድርግህ። አሁን ተቀመጥና አንብብ።

የኦገስት መጨረሻ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሴፎ የእናታችንን ሰሌን ትከሻው ላይ አድርጎ ከቤት ወጣ። እኔ ማገዶ ተሸክሜ፣ የምድጃ ድንጋዮቹንም በቅርጫት ይዤ ተከተልኩት። ይህን ስናደርግ ልጅ ሆነህ አንዴ አይተሃል፤ ያኔ ግን ሰው ሞቶ ነበር። እንጨቱም ድንጋዩም «በድለናችኋል፣ ከፈለጋችሁ አብስላችሁ ብሉን» ለማለት ነው። ለጌም ተብሎ መንደራችን ውስጥ ተደርጎ አያውቅም። ይህንኑ መንገድ ላይ ነገርኩት።

«ይህ ለደም ነው የሚደረገው፣ ሴፎ። ሰው ይስቅብናል» አልኩት።

«ይሳቅ» አለኝ።

የማታዮ ደጃፍ ጠጠር ነው። ሴፎ እዚያ ሲደርስ ቆመ። እንዴት እንደሚያደርገው እኔም አላወቅሁም፤ ያ ጉልበት ሃያ ዓመት አልታጠፈም። ትከሻዬን ይዞ ወረደ። ሲወርድ ያወጣውን ድምፅ አልነግርህም። ሰሌኑን ከራሱ በላይ ጣልኩበት፣ ከጎኑም ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ወጣች። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ የሚወጣ ግን የለም። የቱና ዓሣ ፋብሪካውን ሠራተኞች የሚጭነው አውቶቡስ መጣ፤ ሾፌሩ ሲያየን ሙዚቃውን ዘጋ። አንድም ሰው አልሳቀም። ከሰሌኑ ስር ሴፎ ቀስ ብሎ «ኤሊሳ፣ ደማኝ መሰለኝ» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት። ምን ልበለው፣ ለቅሶዬን ይዤ ነበር።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ማታዮ ወጣ። ሰሌኑን ከፍ አድርጎ አየው።

«ሴፎ። ጉልበትህ አይታጠፍም አልነበር እንዴ?»

«አይታጠፍም።»

«ታዲያስ?»

«ዛሬ ታጠፈ።»

ማታዮ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ልብሱ ነጭ ነበር። «ለጌም የሚንበረከክ ሰው አይቼ አላውቅም» አለው።

«ለጌም አይደለም። ልጁ ስሙን የራሱ መስሎት ነው። እንዲህ እንዲመስለው ያደረግነው እኛ ነን፤ ስንልከው ያልነገርነውን ከየት ያውቀዋል?»

ሴፎን ለማንሳት ሦስት ሰው አስፈለገ። ገባን፣ አበሉን። ይቅር ተባብለናል። ስለ ስሙ ግን ማታዮ «እሱን ቤተሰቡ ይምከርበት» ብሎ ዘጋው። እኔም እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ የሴፕቴምበሩ ጨዋታህ መጣ። ትልቁ ቴሌቪዥን ያለው ማታዮ ቤት ነው፤ ሁላችንም እዚያ ነበርን። ስትዞር ጀርባህ ባዶ ነው። ልጆቹ «የፔኒ ስም የት ሄደ?» ማለት ጀመሩ። ማታዮ እስከ ሁለተኛው ሩብ ድረስ ታገሠ። ከዚያ ግን፦

«ማነው የልጁን ጀርባ ያራቆተው?»

«አንተ» አልኩት።

«እኔ ስሙን አትሽጡ አልኩ እንጂ ልጁን ወላጅ እንደሌለው አድርጋችሁ ስደዱት አልኩ?»

«አንተ ነህ ባለቤት ይጠየቅ ያልከው።»

«ይጠየቅ ነዋ! ይገፈፍ አልኩ?»

ሚስቱ ብርድ ልብስ አምጥታ ትከሻው ላይ እስክትጥልለት ድረስ ተቆጣ። ሴፎ ጥግ ይዞ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይስቅ ነበር።

በኦክቶበር የምናከብረው የልጆች እሁድ በዓል ካለፈ በኋላ ሁለቱም ወገን ተሰበሰበ። መጀመሪያ እኔ ተነሥቼ በመቃብሩ ላይ የዋሸሁትን ተናገርኩ። ቀላል አልነበረም። ከዚያ መከሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወገን የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር አንተ ነህ፤ ዳኛው ቢሰማ አያምንም። የተወሰነው ይህ ነው። ስሙን መልሰህ አድርግ። እንድትሸጠው አይደለም፣ እንድትሸከመው ነው። ሴራሚኩ እንዳለ ይቆይ፤ አያትህ ከዚህ የባሰ ስህተት ይቅር ሲል ኖሯል። ለገና መጥተህ የእያንዳንዱን ቤት ደጅ እየዞርክ «ልዋሰው ወይ» ብለህ ትጠይቃለህ፤ እንደሚፈቅዱልህ ታውቃለህ፣ ቢሆንም ትጠይቃለህ። የሃምሳ ዶላሩ ጥብስ ደግሞ የቤተሰብ ገንዘብ ስለነበር ለሁላችንም ታበላለህ። ይህችኛዋን የጨመራት ማታዮ ነው። ሰባ ሦስት ሰው ነን።

የማዕረጉ ክስ ግን እንዳለ ነው። አንዳንድ ነገር ቶሎ አይለቅም።

አክስትህ
ኤሊሳፔታ


ዌልተን
ኖቬምበር 10

ለተከበሩት አክስቴ፣ ለአጎቴ ለሴፎ፣ ለአቶ ማታዮና ለሁለቱም ወገን፣

ሰላማችሁ ይብዛ። ደብዳቤው አሥር ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአጎቴ ጉልበት ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። የማያውቀኝ ልጅ «ሰው ሞተብህ?» አለኝ። «የለም፣ ሁሉም አሉ» አልኩት፤ ከዚያ ይባስ አለቀስኩ።

ወዲያው ወደ ዴል ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ መሳቢያውን ከፈተ። ፊደሎቹን በፖስታ አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር፣ ክሩን ሳይቀር።

«እንደምትመለስ አውቅ ነበር» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«የተጣላ ሰው ፊደሉን ጥለው ይላል። አንተ አልጣልከውም፣ እዚህ ተውከው።»

በሁለት ረድፍ ክር ሰፋልኝ። ያለፈው ቅዳሜ ለብሼው ገባሁ። አንድ ጊዜ አጠፋሁ፣ ስሜም በድምፅ ማጉያው ተጠራ፤ ማሉአሴ ተብሎ ሜዳው ሁሉ ሰማ። በሕይወቴ ጥፋቴን ወድጄ አላውቅም ነበር።

ጌሙ ግን አልሆነም። ፀሐፊዋ ብትጽፍላቸውም የዘንድሮው ተዘግቷል፣ የወጣ ስም እስከሚቀጥለው ዓመት አይመለስም አሏት። ትናንት ጓደኛዬ ክፍል ገብቼ ራሴን አየሁት። አገጬ ላይ ያለችው፣ የባሕር ዳሩ ኮራል ድንጋይ የቧጨረኝ ጠባሳ ሳትቀር አለች። ቁጥሩ አለ፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሰው እየገፋ ይወድቃል፣ ይነሳል። እኔ ነኝ ብዬ ለማን እነግራለሁ? እንዲህ ያለውን ነገር አጎቴ ያለ ፈቃዱ ከሃያ ዓመት በፊት እንዳየው ያኔ ገባኝ። እኔስ በእጄ ያመጣሁት ነው።

አጎቴ፣ ጽፈህልኝ አታውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ራስህን ስታይ ምን ትል ነበር?

ለገና እመጣለሁ። የሰባ ሦስቱን ጥብስ እየሠራሁ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

ልጃችሁ
ፔኒያሚና


ቱቱኢላ
ዲሴምበር 1

ፔኒ፣

እኔ ነኝ፣ ሴፎ። ምርቃቱን እህቴ ጨርሳዋለች፤ ቅባቱ ደግሞ አልቋል።

ስለጠየቅኸኝ ልንገርህ። ያኔ ጌሙ ያለው ወደቡ አጠገብ ባለው ሱቅ ብቻ ነበር። በክረምቱ እረፍት መጥቼ ከልጆቹ ኋላ ቆሜ አየሁት። ልጆቹ እኔ መሆኔን አውቀው ዞር ዞር ይላሉ። ስሜ የለም። ባለሱቁ «ይህ አንተን አይመስልም?» አለኝ። «የለም፣ ይህ ከእኔ ይፈጥናል» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ለቀድሞ ተጫዋቾች ይከፈል ሲል ቅጽ መጥቶልኝ ነበር። ያ ተጫዋች አንተ መሆንህን አስረዳ የሚል ቦታ ነበረው። እዚያ ላይ ምን እንደምጽፍ አጣሁ። ወረቀቱ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሰሌኑን ሳወጣ አገኘሁት።

ትናንት ማታዮ አስጠራኝ። ስለ ክሱ መስሎኝ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። የልጅ ልጆቹ ጌሙን አብርተው አንተን አስነስተዋል። ማጫወቻውን እጄ ላይ አደረጉት። ቁልፉን አላውቀውም፤ ስገፋ ትወድቃለህ፣ ስሮጥ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ማታዮ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ታውቀዋለህ፣ አይስቅም። አራተኛ ጊዜ ስትወድቅ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ተነስ፣ ማሉአሴ» አለ።

እኔም ቁልፉን ያዝኩት። ተነሳህ።

ስሙን ሊወስድብኝ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ነገም ይቆማል። ትናንት ግን ያን ቁጥር በስሙ ጠራው። ሃያ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ይህን መሆኑን ገና ስሰማው ነው ያወቅሁት።

ስትመጣ ቅባት አትርሳ።

አጎትህ
ሴፎ